እምነት በእምነት ይሰጣል
በመርካቶ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ንግግር



መርካቶ ውስጥ «እምነት» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይሠራል። አንደኛው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ደጃፍ ነው፤ ሰው ከፈጣሪው ጋር ያለውን ነገር ይጠራበታል። ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ገንዘብ ቢያጥረው፣ የመርካቶው ባለሱቅ «ውሰድ፣ ሸጠህ ታመጣለህ» ብሎ ዕቃውን ያስጭነዋል። ብዙ ጊዜ ውል የለም፣ ቼክ የለም፣ ዋስም የለም። «በምን ሰጠኸው?» ብትሉት መልሱ «በእምነት» ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ መጀመሪያው እምነት ነው፤ አነጋገሩን የተማርኩት ግን ከሁለተኛው ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ክርስቲያን ያመነውን ለሌላው እንዲናገር ታዟል ብዬ አምናለሁ። ይህን ከማንም አልደብቅም፤ በመካከላችሁ ካሉት ሙስሊም ወገኖቼም አልደብቅም። መናገሩ ላይ ጥያቄ የለኝም፤ ጥያቄዬ አነጋገሩ ላይ ነው። ከዕድሜዬ የተማርኩት ይህ ነው፦ ሃይማኖት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በመታመን ነው። ስድብ፣ ጩኸትና ማስገደድ መታመንን ያጠፋሉ፤ መታመን ሲጠፋ ደግሞ ወንጌሉ የሚያልፍበት መንገድ ይዘጋል።

የተቆለፈው ሱቅ

በወጣትነቴ ሸማ ተራ፣ በአጎቴ ሱቅ እሠራ ነበር። ጎረቤታችን አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። አርብ ለጁምዓ ወደ አንዋር ሲሄዱ ሱቃቸውን ክፍት ትተው «ልጄ፣ አደራ» ብለውኝ ይሄዳሉ። አጎቴም ለቀብር ወይም ለንግሥ ሲወጣ የእኛን ሱቅ ለእሳቸው ይተዋል። በዚያን ጊዜ እኔ በሃይማኖት ክርክር ተጠምጄ ነበር። ያነበብኩት ጥቂት፣ ከሰው የሰማሁት ብዙ ነበር። አንድ ረቡዕ፣ ደንበኞች በተቀመጡበት ሻይ በቀረበበት፣ ስለ እምነታቸው የሰማሁትን ሁሉ ፊታቸው ላይ አፈሰስኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። የረታኋቸው መሰለኝ።

አንዲት ቃል አልመለሱልኝም። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። በማግስቱም እንደ ወትሮው ሰላም አሉኝ። አርብ ዕለት ግን ወደ አንዋር ሲሄዱ ሱቃቸውን ቆለፉ።

አጎቴ ቁልፉን አይቶ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጄን ይዞ ወስዶ ይቅርታ አስጠየቀኝ። ይቅር አሉኝ፤ ነገር ግን በአርብ ቀን ያ ሱቅ እንደገና ክፍት የተተወው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እኔ በዚያ ረቡዕ ስለ ክርስቶስ የመሰከርኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሰሙት «ይህ ልጅ አደራ አይሰጠውም» የሚለውን ብቻ ነው። አበው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ያሉት እውነታቸውን ነው።

የዋህ ማን ነው?

ሐዋርያው ጴጥሮስ በፊተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ፣ ክርስቲያኖች ስለ ተስፋቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልስ ይዘው እንዲገኙ ያዛል። ሰባኪዎች ይህን ጥቅስ በቃላቸው ያውቁታል። ሁለት ነገሮች ግን ሲዘለሉ አያለሁ። የመጀመሪያው፣ ሐዋርያው የሚናገረው ለሚጠይቅ ሰው ስለሚሰጥ መልስ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጥያቄ የሚያስነሣ ኑሮ ያስፈልገናል። ሁለተኛው፣ መልሱ በየዋህነትና በአክብሮት እንዲሰጥ እዚያው ላይ መታዘዙ ነው። መልስ መስጠቱን ወስዶ የዋህነቱን የሚተው ሰው ሐዋርያውን በግማሽ ታዘዘ አይባልም፤ አልታዘዘውም።

የዋህ የሚለው ቃል በእኛ አንደበት ወርዷል። መርካቶ ውስጥ «እሱ የዋህ ነው» ከተባለ፣ በቀላሉ ይታለላል፣ ሚዛን ቢሰርቁት አይነቃም ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን የዋህ የሚለው ሙሴን ነው፤ ፈርዖን ፊት ቆሞ የተከራከረውን ሙሴን። ክርስቶስም ራሱን የዋህ ሲል ጠርቷል። የዋህ ማለት ጉልበት እያለው ጉልበቱን በሰው ላይ የማያሳርፍ ነው። በጠባቡ የመርካቶ መንገድ ትልቅ ጭነት ተሸክሞ የሚያልፈውን ተሸካሚ ተመልከቱ። ከመንገደኛው ሁሉ ይልቅ ብርቱ እሱ ነው፤ ሆኖም ሰው እንዳይገጭ እየተጠነቀቀ፣ መንገድ እየጠየቀ ያልፋል። ወንጌልን የተሸከመ ሰውም እንዲሁ መሆን አለበት።

ከነጋዴዎች የጀመረ ጸሎት

ክርስትና ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ እናስታውስ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወጣቶች፣ የተሳፈሩባት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ስትጠቃ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ሲገቡ ምርኮኞች ነበሩ። በታማኝነታቸው ግን ከፍ አሉ፤ ፍሬምናጦስ መዝገብና ሂሳብ እስኪሰጠው ድረስ ታመነ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ ሥልጣን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው በአገሩ የሚነግዱትን ክርስቲያን ነጋዴዎች ፈልጎ የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ መርዳት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። በንጉሥ ዒዛና ሳንቲሞች ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክትም በመስቀል ተተካ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመጀመሪያ ሂሳብ ታመነበት፤ ቀጥሎ ለነጋዴዎች የጸሎት ቦታ አሰበ፤ ጵጵስናው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሕዝቡም «አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን» አለው። ብርሃን ገላጭነቱን ከመጥራቱ በፊት ሰላሙን ጠራ።

ከእርሱም በፊት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ እንደ ብዙዎቻችሁ የገንዘብና የሂሳብ ሰው። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲደርስ መጀመሪያ የሚያነበውን አዳመጠ። ቀጥሎ ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው አጠገቡ እንዲቀመጥ እስኪለምነው ድረስ ግን ወደ ሠረገላው አልወጣም። ትምህርቱንም የጀመረው ሰውየው ከደረሰበት ገጽ ነው። ከተጠመቀ በኋላ ደግሞ ፊልጶስ አብሮት አልሄደም፤ ጃንደረባው ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ያ ኢትዮጵያዊ ወንጌልን የሰማው በዚህ ሥርዓት ነው፦ ፊልጶስ አዳምጦ፣ ጠይቆ፣ ግብዣ ጠብቆ ተናገረው፤ ተናግሮም ለቀቀው።

ገበያ ውስጥ ስለ መመስከር ደግሞ ከጳውሎስ የምንማረው አለ። በአቴና በየቀኑ በገበያ ከሚያገኛቸው ሰዎች ጋር ይነጋገር ነበር። በኤፌሶን የብር ሠሪዎቹ በጳውሎስ ትምህርት ገበያችን ተበላሸ ብለው ከተማዋን ባናወጧት ጊዜ ሕዝቡን ጸጥ ያሰኘው የከተማዋ ጸሐፊ ነበር። ያ ሰው ክርስቲያን አልነበረም። ነገር ግን ለጳውሎስ ባልንጀሮች «እነዚህ ሰዎች አምላካችንን አልሰደቡም» ብሎ መሰከረላቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ አንብቡት። ጳውሎስ በኤፌሶን ከሁለት ዓመት በላይ አስተምሯል፤ በጣዖት እንደማያምንም ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ተሳደበ የሚለው አልተገኘም። እኛስ? ከሌላ እምነት የሆነ የቀበሌ ሠራተኛ ወይም የእቁብ ዳኛ «እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታችንን አልሰደቡም» ብሎ በአደባባይ ይመሰክርልናል?

በአገራችን እንግዳን ያከበረ ታሪክም አለን። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች ወደ አክሱም ሲመጡ፣ የመካ ነገድ የሆኑት ቁረይሾች ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ስጦታ ይዘው ተከተሏቸው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ከመፍረዱ በፊት ስደተኞቹን ጠርቶ አዳመጣቸው፤ ስጦታውንም መለሰ። የተጠጉትን ሰዎች እንደ አደራ ቆጠራቸው። ሙስሊም ወገኖቻችን ያን ንጉሥ እስከ ዛሬ በክብር ያነሡታል። ከ1400 ዓመት በኋላ የሚታወስ ምስክርነት ማለት ይህ ነው።

ጉልበት ያመጣው

ሌላ ታሪክም አለን፤ ሳንሸሽ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1603 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ፣ ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነ ካህን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ሕፃናትን አስተማረ፣ ከሊቃውንት ጋር በአክብሮት ተከራከረ። ንጉሥ ዘድንግል ለውጥ በችኮላ እንዳያውጅም መክሮታል። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ታዘዘ፤ የአፄ ሱስንዮስ ሰይፍም ትእዛዙን ተከተለ። አገር በዓመፅ ነደደ፤ ወንድም ወንድሙን ገደለ። በ1632 ሱስንዮስ ራሱ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አውጆ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑም ከአገር ወጡ። አንዱ ካህን በትዕግሥት በ19 ዓመት ያገኘውን መደመጥ ሌላው በ7 ዓመት በጉልበት አጠፋው። የፓኤዝን ትምህርት የማይቀበል ሰው እንኳ ይህን ፍርድ መስጠት ይችላል።

የእኛም ቤት ንጹሕ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፣ ሼህ ጠልሃን የመሰሉትም ተነሥተው ተዋጉ፣ ሌላው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ደቡብ ወሎ ዛሬም ብዙው ነዋሪ ሙስሊም ነው። በግድ የገባ ጥምቀት ሰውነትን አርጥቦ ልብን አድርቆ አለፈ። ወሎ ዛሬ በመቻቻሉ የሚመሰገነው ከዚያ አዋጅ የተነሣ አይደለም፤ ጎረቤታሞች በድግስና በለቅሶ፣ በጋብቻና በደቦ ቁስሉን ስላደረቁት ነው።

በክርስቲያኖችም መካከል እንዲሁ ነው። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሡት ጴንጤቆስጤዎች ተሰድበዋል፣ ተደብድበዋል፣ ታስረዋል። «ጴንጤ» የሚለው ስም ራሱ የወጣው ለስድብ ነው። ዛሬ ደግሞ ከእነርሱ ወገን አንዳንዱ በሞንታርቦ የኦርቶዶክሳዊውን ታቦትና ጾም ሲያጣጥል እንሰማለን፤ ከኦርቶዶክሳውያኑም አንዳንዱ በዚያው ልክ ይመልሳል። ትናንት የተሰደበ ዛሬ ተሳዳቢ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ሁለቱም በአንድ ክርስቶስ ስም ነው የሚሰዳደቡት፤ ሦስተኛው ሰው ቆሞ ይሰማል።

«ጠረጴዛውን ገልብጧል እኮ»

ይህን ስናገር የሚመልሱልኝ አሉ። «ክርስቶስ በቤተ መቅደስ የለዋጮቹን ጠረጴዛ ገልብጧል፣ ጅራፍ አንሥቷል፤ ለእውነት መቆጣት ተገቢ ነው» ይላሉ። ነጋዴ ስለሆንን ይህ ታሪክ እኛን በቀጥታ ይነካናል፤ በደንብ እናንብበው። ክርስቶስ የተቆጣው በአባቱ ቤት፣ በራሱ ወገኖች፣ በጸሎት ቦታ በሚነግዱት ላይ ነው። የሌላ ሕዝብ ጸሎት ቤት ሄዶ የገለበጠው ጠረጴዛ የለም። የሰማርያ መንደር አልቀበልህም ባለችው ጊዜ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ይውረድባት ሲሉ የገሠጸው ደቀ መዛሙርቱን ነው። መንደሪቱን ትቶ ወደ ሌላ መንደር ሄደ። ቁጣ ካለን ከራሳችን ቤት እንጀምር፤ በሐሰተኛ ሚዛን ላይ፣ በተአምር ስም በሚሰበሰብ ገንዘብ ላይ።

ሌሎች ደግሞ «የዋህነት ፍርሃት ነው፤ እምነትን መደበቅ ነው» ይላሉ። አባ ሰላማ አልደበቀም፣ ፊልጶስም አልደበቀም። የሚሳደብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳደበው መልሱን ስለሚፈራ ነው። ባመነው ነገር የተረጋጋ ሰው የሌላውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ለመስማት ጊዜ አለው።

ይህ የእኔ ብቻ አሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት፣ የቫቲካን የሃይማኖቶች ውይይት ምክር ቤትና የዓለም ወንጌላውያን ኅብረት፣ ብዙ ሃይማኖት ባለበት ዓለም ክርስቲያን እንዴት እንዲመሰክር የሚመክር ሰነድ በጋራ አወጡ። በብዙ ነገር የማይስማሙት እነዚህ ወገኖች፣ ማታለልና ማስገደድ፣ በስጦታ ማባበልም ከወንጌል ጋር እንደማይሄዱ ተስማሙ። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የማስተማርን መብት ይጠብቃል፤ እዚያው አንቀጽ ላይ ማስገደድን ይከለክላል። በመብቱና በክልከላው መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ ግን ሕግ አይሞላውም። እሱን የሚሞላው ጨዋነት ነው።

እዚህ መርካቶ ላይ

እንግዲህ ከታሪክ ወደ ሱቃችን እንመለስ። አራት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ እጃችሁ ላይ ላለ ሰው አትስበኩ። ዱቤ ያለበት ደንበኛ፣ ደመወዝ የምትከፍሉት ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥቶ በእናንተ ቤት ያደረ ልጅ «አልፈልግም» ማለት አይችልም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ቢልም እሺታው አይታመንም። ለእነዚህ ሰዎች ወንጌላችሁ በወቅቱ የተከፈለ ደመወዝና ሳይዋረዱ የተጠየቁት ዕዳ ይሁን። ስለ እምነታችሁ ከጠየቋችሁ ያን ጊዜ መልሱላቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሌላው እምነት ከሌላው አፍ ስሙ። ስለ እስልምና ከሙስሊም፣ ስለ ኦርቶዶክስ ከኦርቶዶክሳዊ፣ ስለ ፕሮቴስታንት ከፕሮቴስታንት። ነጋዴ ዕቃውን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም።

ሦስተኛ፣ ድምፃችሁን መጥኑ። እዚህ ሰፈር ግድግዳ ከግድግዳ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ከግድግዳው ማዶ የታመመ አለ፣ አራስ አለች፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተራ ሲሠራ አድሮ የተኛ አለ። እንቅልፉን የነሣችሁት ሰው የምትዘምሩትን አይሰማም፤ የሚሰማው ሞንታርቦውን ነው።

አራተኛ፣ እምቢ ያላችሁን ሰው ሰላምታ አትንፈጉት። እቁቡ ይቀጥል፣ እድሩ ይቀጥል። የእኛ እናቶች ለሠርግ ሲደግሱ ለሙስሊም እንግዶቻቸው በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ በተለየ ድስት ይሠራሉ። ሃይማኖታቸውን አልቀላቀሉም፤ እንግዳቸውንም አላሳፈሩም። ከዚያ ድስት የሚበልጥ የአክብሮት ስብከት አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሸማ ተራ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜም የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ንብረት አብሮ ነዷል። በዚያ ሌሊት ዕቃ ያወጣ ትከሻ፣ በማግስቱም «አይዞህ» ያለ አፍ፣ ከየትኛው እምነት እንደመጣ ባለሱቁ አይረሳም።

ይህን ሁሉ የምለው የዋህነትን አዲስ የማሻሻጫ ዘዴ አድርጋችሁ እንድትይዙት አይደለም። ሰውን ለማጥመድ የሚለሰልስ ምላስ ከሚሳደብ ምላስ ይብሳል፤ መርካቶ ደግሞ የደላላን ልስላሴ ከሩቅ ያውቃል። የዋህ የምንሆነው ጌታችን የዋህ ስለሆነ ነው። ጎረቤታችን ዕድሜውን ሙሉ በእምነቱ ቢጸናም ለእሱ ያለን አክብሮት ሊቀንስ አይገባም።

ወገኖቼ፣ ነገ ጠዋት ሱቃችሁን ስትከፍቱ ከእናንተ የተለየ እምነት ያለውን ጎረቤታችሁን ተመልከቱ። ለጸሎት ሲሄድ በሩን ክፍት ትቶ «አደራ» ይላችኋል? የሚላችሁ ከሆነ ምስክርነታችሁ ተጀምሯል፤ ጠብቁት። ሲሄድ የሚቆልፍ ከሆነ ግን ከስብከት በፊት የሚቀድም ሥራ አለባችሁ። ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁት።